ስንት ጠርሙስ?

ይህን ተረት ሰርግ ደግሶ የማያውቅ ቢሰማው ይስቃል፤ ደግሶ የሚያውቅ ግን ወገቡን ይይዛል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ዘርፈሽዋል የምትባል ሴት ነበረች። ነገ የታናሽ እህቷ የማህደር ሰርግ ነው። አዳራሹን የተከራየች እሷ፣ በሬውን የተዋዋለች እሷ፣ ቬሎ ቤት የተጨቃጨቀች እሷ። አሁን የቀራት እንኳን ደስ ያላችሁ ተብሎ ብርጭቆ የሚነሣበት ሻምፓኝ ብቻ ነው። ሄዳ ባለሱቁን፣ "ለሰርግ የሚበቃ ሻምፓኝ ስጠኝ" አለችው።

"'የሚበቃ' የሚባል ቁጥር የለም፤ ስንት ጠርሙስ? ያለ ቁጥር አልሸጥም" አለ።

ወደ አሳላፊው ሄደች። "በለጠ፣ ስንት ጠርሙስ ይበቃል?"

"አንዱ ጠርሙስ ስድስት ብርጭቆ ይወጣዋል። እንግዳውን ንገሪኝና ላስላ፤ ካልሆነ አላሰላም።"

አሳላፊው አላሰላም ቢል፣ ባለሱቁ አልሸጥም አለ፤ ዘርፈሽዋልም ሻምፓኝ አላገኘች። እግሯን እየጎተተች ወደ እናቷ ሄደች።

"እማዬ፣ ስንት እንግዳ ይመጣል?"

"አጎትሽ ደምሰው አኩርፏል" አሉ እናት። "እሱ ሲመጣ ዘመዱን ሁሉ ይዞ ነው፤ ሲቀርም ይዞ ነው የሚቀረው። ደግሞስ አባታችሁ በሌለበት፣ በአባት ቦታ ማን ሊቆም ነው? ደምሰው ሳይመጣ እንግዳ አልቆጥርም።"

እናት አልቆጥርም ቢሉ፣ አሳላፊው አላሰላም አለ፤ አሳላፊው አላሰላም ቢል፣ ባለሱቁ አልሸጥም አለ፤ ዘርፈሽዋልም ሻምፓኝ አላገኘች። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አሸት አሸት አድርጋ፣ እንደገና ተጫማችና ወደ አጎቷ ቤት ዳገቱን ወጣች።

"ጋሼ፣ ምን አጠፋን?"

"እህትሽ ስልክ ደውላ፣ 'ጋሼ፣ ስንት ብርጭቆ ይጠጣሉ?' አለችኝ" አሉ አጎት። "እንግዳ 'በሞቴ ጠጣልኝ' ይባላል እንጂ 'ስንት ትጠጣለህ?' ይባላል? ይቅርታ ካልጠየቀችኝ ንቅንቅ አልልም!"

አጎት ንቅንቅ አልልም ቢሉ፣ እናት አልቆጥርም አሉ፤ እናት አልቆጥርም ቢሉ፣ አሳላፊው አላሰላም አለ፤ አሳላፊው አላሰላም ቢል፣ ባለሱቁ አልሸጥም አለ፤ ዘርፈሽዋልም ሻምፓኝ አላገኘች። ዳገቱን ወረደች። መውረዱም ለካ ያደክማል።

ሙሽራዋ እጇን ሂና ተቀብታ ተቀምጣለች። "እኔ እኮ ሻምፓኙ እንዳያንስ ብዬ ነው የጠየቅኳቸው!" አለች። ቀጥላ አቀረቀረች። "ይቅርታውንስ እጠይቅ ነበር። ግን ባዶ እጄን በምን ፊቴ ደጃቸው እቆማለሁ? ሻምፓኝ ሳልይዝ አልሄድም።"

ሙሽራዋ አልሄድም ብትል፣ አጎት ንቅንቅ አልልም አሉ፤ አጎት ንቅንቅ አልልም ቢሉ፣ እናት አልቆጥርም አሉ፤ እናት አልቆጥርም ቢሉ፣ አሳላፊው አላሰላም አለ፤ አሳላፊው አላሰላም ቢል፣ ባለሱቁ አልሸጥም አለ፤ ባለሱቁ አልሸጥም ቢል፣ ሙሽራዋ አልሄድም አለች! ነገሩ ዞሮ ዞሮ ራሱ ላይ ተቋጠረ። ዘርፈሽዋል መሳደብ አማራት፤ ለስድብም አቅም አጣች።

ተመልሳ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

"እሺ፣ ስንት ጠርሙስ?"

"አንድ" አለች። ብልሃት እንዳይመስላችሁ፤ ድካም ነው። ከአንድ በላይ መቁጠር አልቻለችም።

ባለሱቁ ጭንቅላቱን አከከ። "አንድም ቁጥር ነው" አለና ሸጠላት።

ባለሱቁ ቢሸጥ፣ ሙሽራዋ ጠርሙሷን ታቅፋ ሄደች፤ ሙሽራዋ ሄዳ "ጋሼ፣ በሞቴ ይጠጡልኝ" ብትል፣ አጎት ሳቁ፤ አጎት ስቀው "እመጣለሁ" ቢሉ፣ እናት ቆጠሩ፤ እናት ቢቆጥሩ፣ አሳላፊው አሰላ፤ አሳላፊው "ሠላሳ" ቢል፣ ባለሱቁ ካርቶኑን እየደረደረ ወደ በሩ አወጣ።

"ሠላሳ ጠርሙስ፣ ይኸው" አለ ባለሱቁ። "ሌላስ ምን ልስጥሽ?"

"ወንበር" አለች ዘርፈሽዋል።

ሰጣት። ተቀመጠችና በሰው ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ባለሱቁ ደንግጦ፣ "ምነው እቴ፣ ሻምፓኙ አነሰ?" ቢላት፣ አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ከሞቱ ጀምሮ በአባት ቦታ ቆማ የኖረችው እሷ ነበረች። ነገ ጋሼ ደምሰው ይቆማሉ፤ እሷ ትቀመጣለች።