አህያ ያላየው ቀይ ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስኩ በለመለመበት ወር፣ አያ ጅቦ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር። በሣሩ ውስጥ ባደፈጠ ቁጥር ግራጫ ቆዳው ያጋልጠዋል፤ አህያ ከሩቅ ያየውና ይሮጣል።

ሲቸግረው ቀይ ቀበሮ ዘንድ ሄዶ ከአህያ ዓይን የሚሰውረው ዘዴ ለመነ። ቀበሮም ከአህያው ጉበቱ ለእሱ እንዲሆን አስማለው። ከዚያ ቀይ አፈር በውኃ አቡክቶ ከጆሮው እስከ ጭራው ለቀለቀው።

ጅብ ይህ ቀለም ምን እንደሚባል ጠየቀ።

«ቀይ ይሉታል። እኔም አይቼው አላውቅም። ግን ቆዳዬ እሱ ነው ይላሉ፤ እስከ ዛሬ በሣር ውስጥ ያየኝ አይጥ የለም። ለእኔም፣ ለአንተም፣ ለአህያም ቀይና ሣር አንድ ናቸው።»

ጅብ ራሱን ቁልቁል አየ። ሣር መሰለው። ደስ ብሎት ሄዶ መስኩ መካከል ተጋደመ።

አህያ እየጋጠ መጣ። ከመስኩ ዳር፣ ሾላ ዛፍ ላይ፣ ጦጣ ተቀምጣለች። ጦጣ የበሰለውን ሾላ ከጥሬው በቀለሙ ለይታ የምትበላ ናትና ቀይ ማየት የእናት አባቷ ሙያ ነው። በአረንጓዴው መካከል የተጋደመውን ቀይ ጅብ ስታይ ሳቋ ከቅርንጫፉ ሊጥላት ደረሰ። አህያ ወደዚያው ሲሄድ ግን ሳቋን ዋጠችው።

«አያ አህያ፣ ቁም። ፊትህ ጅብ ተኝቷል።»

አህያ ቀና ብሎ አየ። ሣር ብቻ ነው። «የታለ?»

«ያ ቀዩ።»

«ቀይ ደግሞ ምንድን ነው?»

ጦጣ እንደ በሰለ ሾላ ነው እንዳትለው፣ ለእሱ የበሰለውም እንደ ቅጠሉ ነው። አህያም የእሱ ዓይን ከእሷ ዓይን እንደሚተልቅ ነግሯት ወደ ፊት ተራመደ።

ጦጣ ሾላ ቀጥፋ የጅብን ግንባር መታችው። ቻለው። ደገመችው። አሁንም ቻለው። ቀጣዩ ግን ከከንፈሩ ሥር ወደቀና ሸተተው። አያ ጅቦ የቀረበለትን ትቶ አያውቅም። ሣሩ አፉን ከፈተ፣ ነጭ ጥርሱን አሳየ፣ ሾላውን ውጦ ከንፈሩን ላሰ።

አህያ ዕድሜውን ሙሉ ሣር በልቷል፤ ሾላ የሚበላ ሣር ግን አይቶ አያውቅም። ዞር ብሎ በኋላ እግሩ የሣሩን አገጭ ጠለዘና መንደር እስኪገባ አልቆመም።

ጅብ አገጩን ይዞ ተመለሰና ቀለሙ የማይረባ ነው ሲል ወቀሰ። ጉበቱን ሲጠብቅ የዋለው ቀበሮ ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

«ቀለሙ ደህና ነው። ሆድን የሚሸፍን አፈር ግን አላገኘሁም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ዓይናችን ያላየውን አደጋ ጎረቤት አይቶ ሲነግረን፣ የለም ብለን ከመከራከራችን በፊት እግራችንን ማንሳት እንዳለብን ነው።