የክር ፋብሪካው የበር ሱቅ

በአንድ ወቅት፣ በቀን ሁለት ሸሚዝ በምታስቀይር ሞቃት የባቡር ከተማ ውስጥ፣ ከተዘጋ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው አንድ የክር ፋብሪካ ነበረ። ዛሬ የጨርቅ ገበያ ሆኗል። የልጄን የሠርግ ልብስ ጨርቅ የገዛሁት እዚያ ስለሆነ፣ ላቆዩልን ሰዎች ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ ነው የማወራችሁ። ፍርዱን ግን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ፋብሪካው ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ሲሰናበት፣ ዘበኛውን ጋሽ ዱባለን ማንም አላሰናበታቸውም። ረስተዋቸው ነው። ደሞዛቸውም ቀረ። እሳቸው ግን በሩ ላይ ቆሎና ሲጋራ እየቸረቸሩ፣ በዘበኛ ቤታቸው እያደሩ ቀጠሉ። አንድ ቀን የጣሪያውን ቆርቆሮ ለመግዛት የጭነት መኪና ይዞ የመጣ ነጋዴ፣ «አባቴ፣ ባለቤት ለሌለው ነገር ምን አደከመዎት?» አላቸው።

«ጠብቅ ያለኝ ሰው ነበር፤ ተው ያለኝ ግን እስካሁን አልመጣም» አሉት።

በአሥራ ሁለት ዓመት አንዲት ቆርቆሮ አልጎደለችም። ግትርነት ነው የሚሉም አሉ።

ከዚያ ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ነጋዴ አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩበት ገዙት። እስካቫተሩ ግቢው በገባበት ዕለት እትዬ አምሳለ መጡ። እሳቸው ሃያ ዓመት እዚያ ክር ሲፈትሉ የኖሩ፣ ከተዘጋ ወዲህ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ጨርቅ ዘርግተው የሚሸጡ ሴት ናቸው። በዚያች ከተማ ገዢ ሱቅ ውስጥ ያየውን ቀለም አያምንም። ጨርቁን ይዞ ብርሃን ፍለጋ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ባለሱቁም ይከተለዋል፤ ይዞ የሚሮጥ አይታጣማ!

«ከማፍረስዎ በፊት አንዴ ይግቡልኝ» ብለው ለመኑ እትዬ አምሳለ።

ገቡ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ከላይ የተደረደሩት መስኮቶች ብርሃን እንጂ ፀሐይ አያስገቡም። እትዬ አምሳለ አንድ ቀይ ጨርቅ ዘረጉ፤ ከዚያም ያንኑ ጨርቅ ውጭ አውጥተው ዘረጉት። ቀለሙ ያው ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ጨርቁን አገላብጠው አዩና፣ ፎቁን ትተው የጨርቅ ገበያ ሊያደርጉት ቆርጠው እስካቫተሩን መለሱት።

ግን መሐንዲስ መጣና የጣሪያው ምሰሶዎች እግራቸው በዝገት ስላለቀ መፍረሱ አይቀርም አለ። ሙክታር የሚባል በያጅ ደግሞ «እስቲ ልሞክር» አለ። በከባድ መኪና ክሪክ ጣሪያውን በጥቂቱ ያነሣል፣ የተበላውን እግር ይቆርጣል፣ አዲስ ይበይዳል። ሠላሳ ስድስት ምሰሶ፣ አምስት ወር። በመጨረሻው ምሰሶ ላይ ክሪኩ አፈተለከ። ሌሎቹ ሮጡ። ሙክታር ግን አጠገቡ የነበረውን ብረት ከሚወርደው ጣሪያ ሥር ወሸቀበት። ጣሪያው ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ተሰባበረ። ከዚያ ወዲህ መበየድ አይችልም።

ገበያው ሲከፈት ሱቆቹ ሁሉ ተከራይተው ነበር፤ ወይዘሮ የሺመቤት ለራሳቸው ካስቀሯት የበር ሱቅ በቀር። ሦስቱን ጠሯቸው።

«እናንተ እያላችሁ እኔ እዚህ ብቀመጥ አያምርብኝም» አሉ። «ዕድሜ ልኩን ያለ ኪራይ፣ ከእናንተ ለአንዱ። እንዳላካፍላችሁ ሁለት ሰው አታስቆምም።»

ሦስቱም ቸግሯቸዋል። የጋሽ ዱባለ የዘበኛ ቤት ለመኪና ማቆሚያ ፈርሳ ማደሪያም መቸርቸሪያም አጥተዋል። የእትዬ አምሳለ ደንበኞች ሁሉ ወደ አዲሱ ገበያ ገብተው መንገድ ዳር የቀረ ገዢ የለም። ሙክታርም ሁለት ልጆችና አንድ ጤነኛ እጅ ነው ያለው።

«ለአምሳለ ይስጧት» አሉ ጋሽ ዱባለ። «ያን ሁሉ ዓመት ምን ስጠብቅ እንደኖርኩ ያሳየችኝ እሷ ናት። እግዜር ይስጥልኝ።»

እትዬ አምሳለ ግን እምቢ አሉ። «የለም፣ ለጋሽ ዱባለ ይሁን። እሳቸው ባይኖሩ ምኑን አሳይ ነበር?»

ሙክታር እጁን አየ። «እኔ እንደ እናንተ ደግ አይደለሁም» አለ። «ሁለታችሁ ባትኖሩ ይህን ሥራ አላገኝም ነበር፤ ውለታችሁን አልረሳም። ሱቁን ግን እፈልገዋለሁ። ይገባኛል ብዬም አምናለሁ።»

ጋሽ ዱባለ ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት።

«ደግ አደረግህ ልጄ» አሉ እትዬ አምሳለ። «እኛም እኮ እንፈልገዋለን፤ አፍረን ነው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ቁልፉን እንደያዙ ቀሩ።

እኔ ሦስቱንም አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ ለሦስት ይበቃል፤ ሱቋ ግን አትበቃም። ሱቋ የምትገባው ሳይከፈላቸው ላቆዩት ነው፣ ሌላው ያላየውን ላዩት፣ ወይስ እጁን ለከፈለበት? አፍረው ለሌላ የተዉት ይብለጡ፣ ወይስ ደፍሮ የጠየቀው? ቁልፉ በእናንተ እጅ ቢሆን፣ ለማን ትሰጡት ነበር?