የጠበበው የቀፎ በር

ተረት ተረት በሉኝና ወደ አንድ ቀፎ ልውሰዳችሁ።

አደይ በፈነዳበት ሰሞን አንዲት ተርብ ቀፎው ውስጥ ገብታ አንዲት ንብ ገድላ አመለጠች። ንቦቹ ሁሉ አለቀሱ። በር ጠባቂዋ ንብ ግን ማልቀስም አቃታት፤ ተርቧ ያለፈችው በእሷ በር ነበርና።

"እመቤቴ፣ አበባ አበባ ስለሸተተችኝ የእኛ መስላኝ ነው" አለቻት ንግሥቲቱን። "ከእንግዲህ በሩን በሰም አጠብበዋለሁ። አበባ የሚሸትም አይገባም።"

ንግሥቲቱ ሐዘን ላይ ነበረችና "እንዳልሽ አድርጊ ልጄ" አለቻት።

ከመስክ የሚመለሱት ንቦች በጠባቡ ቀዳዳ ሲሽሎከሎኩ የያዙት የአበባ ዱቄት ደጅ እየተራገፈ ቀረ። አበባ የሸተቱትን ደግሞ ጠባቂዋ እያለቀሰች ነድፋ ጣለቻቸው።

አደይ ረግፎ የበጋው ንፋስ ሲነሳ ተርቧ በዚያ በኩል አለፈች። ጠባቂዋ ከስታ፣ ክንፏ ተቀዳዶ በሩ ላይ ቆማለች።

"ምነው እንዲህ ሆንሽ?" አለቻት ተርቧ።

"አንቺን ስጠብቅ ነዋ።"

"እኔን? እኔማ ከዚያ ወዲህ እዚህ ድርሽም አላልኩ።"

ጠባቂዋ ወደ ታች ጎንበስ አለች። ከበሩ ሥር፣ የአበባ ዱቄት እንደተሸከሙ የወደቁትን እህቶቿን አየች።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በማር አብሱልኝ እንዳልል፣ በዚያ ዓመት ከዚያ ቀፎ ማር አልተቆረጠም።