ቤታቸው የጠፋቸው ጠጠሮች

አንድ በሰፈሩ የገበጣ ንጉሥ የሚባሉ አባት ነበሩ፤ ጋሽ ዘገየ። ዓይናቸው እየደከመ መጥቶ ጠጠሩን ከጉድጓዱ መለየት ሲያቅታቸው “መሳቂያስ አልሆንም” ብለው ገበጣውን እርግፍ አድርገው ተዉት። ቀልዳቸውም አብሮ ጠፋ። ልጃቸው ማስተዋል ሙያዋ የኮምፒውተር ጌም መሥራት ነውና አንጀቷ አልችል ብሎ ገበጣን በኮምፒውተር ሠራችላቸው።

ጋሽ ዘገየ ጨዋታው ሲከፈት ዓይናቸውን አጨንቁረው አዩት። አሁንም አነሰባቸው። ስለዚህ የጨዋታውን መስኮት በማውሱ ጥጉን ይዘው ለጠጡት። ገበጣው ሰፋ፣ ጉድጓዶቹም ተራራቁ፤ ጠጠሮቹ ግን በነበሩበት ቀርተው ከጉድጓድ ውጭ ተንጠባጠቡ።

“ኧረ ልጄ፣ ጠጠሮችሽ ቤታቸው ጠፍቷቸዋል!”

“አባባ፣ አይለጥጡት! እኔ በሠራሁት ልክ ሲሆን እኮ ደህና ነው።”

“በአንቺ ልክማ ለእኔ አይታየኝም።”

ማስተዋል ተናደደች፤ ስንት የለፋችበት ነው! መስኮቱ ከእንግዲህ እንዳይለጠጥ አድርጋ ቆለፈችውና ተገላገለች። ጋሽ ዘገየም ኮምፒውተሩን ከዚያ ወዲያ አልነኩትም።

“ምነው አባባ፣ መጫወቱን ተዉት?” ብትላቸው፣

“ተይው ልጄ፣ ዓይን ላለው ነው” አሏት።

ነገሩ ልቧን ወጋት። ምን ነካኝ! ለማን ብዬ ነው የሠራሁት? መስኮት የቆለፍኩ መስሎኝ ለካ በአባቴ ላይ ኖሯል የቆለፍኩት፣ አለች።

ቁጭ ብላ ሥራዋን መረመረች። ለካ የጠጠሮቹን ቦታ ሁሉ የለካችው ከራሷ ስክሪን ጥግ ተነሥታ ነው። ያንን አፍርሳ እያንዳንዱን ጠጠር ከጉድጓዱ መሐል ለካችው። መስኮቱ በሰፋና በጠበበ ቁጥርም ጨዋታው አዲሱን ልክ አይቶ ሁሉንም እንደገና እንዲያሰላ አደረገችው።

“እስቲ አሁን ይለጥጡት አባባ።”

ጋሽ ዘገየ ፈራ ተባ እያሉ ለጠጡት። ጠጠሮቹ ከነጉድጓዳቸው አደጉ። ደግመው ለጠጡት፣ ስክሪኑ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉና፣ “በይ ነይ ተቀመጪ! ዛሬ ጠጠርሽን ጠራርጌ ነው የምበላው” አሉ። እውነትም ጠራርገው በሏት። እሷም በመሸነፏ እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም።

ወዳጄ፣ ለምንወደው ሰው የምንሠራውን ነገር ብዙ ጊዜ በራሳችን ዓይን እንለካውና፣ ሰውየው በራሱ ልክ ሊዘረጋው ሲሞክር “አትንካብኝ” እንላለን። ልኩን ማስተካከል ያደክማል፤ መቆለፍ ይቀላል። ሆኖም ያልሰፋ ነገር ዛሬም ሊሰፋ ይችላል።

እስቲ ያስቡት፤ እርስዎ የቆለፉት መስኮት ማንን ከጨዋታ አስቀርቶት ይሆን?