ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው በር

አንድ ግንበኛ ነበረ። ስሙን እንተወው። የከተማው ሰውም ቢሆን በስሙ አይጠራውም፤ «የዘበኛው ልጅ» ነው የሚለው። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ሞልቶ፣ ሴት ልጆቹን ድሮ፣ ጢሙ ነጭቶ እንኳ «የዘበኛው ልጅ» እንደተባለ ነበር።

ከከተማዋ በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ የፊታውራሪ እንግዳሸት ፎቅ የሚባል ቤት ነበረ። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ ሰገነቱ የጥድ እንጨት። ዘጠኝ ሰፋፊ ደረጃዎች ወጥታችሁ በሩ ፊት ትቆማላችሁ። በሩም በር ነበር! ሁለት ተካፋች፣ ከዋንዛ የተሠራ፣ የጨቅላ ጡጫ የሚያህል የብረት ጉጥ ዙሪያውን የተመታበት። ፊታውራሪው አለፉ፤ ቤቱ ተወረሰ፤ የቀበሌ እህል መጋዘን ሆነ። የግንበኛው አባት የዚያ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ።

የዚያች ከተማ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ሲያገባ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ድግሱ ከመሄዱ በፊት፣ ወደ ጉብታው ይወጣል። ሙሽሮቹ ከላይ በሩ ፊት፣ ሚዜዎቹ ከታች በየደረጃው ይደረደራሉ። «አትንቀሳቀሱ!» ይላል ፎቶ አንሺው። ያለዚያ ፎቶ ሰርጉ ሰርግ አይባልም። ቤቱ ሲፈርስ እንኳ ልማዱ አልፈረሰም። በሩ ሄደ፤ ሙሽሮች ወጡ። ጣሪያው ሄደ፤ ሙሽሮች ወጡ። ሰገነቱ ሄደ፤ ሙሽሮች አሁንም ወጥተው ሳቁ። ከጀርባቸው ምን እንደጎደለ ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። ለፎቶ የቆመ ሰው ወደ ኋላው ያያል እንዴ?

«በሩን ማን ወሰደው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ከሁሉም አፍ አንድ ነበር። «ዘበኛው ናቸዋ! ከሥራ የተሰናበቱ ዕለት በሩም አብሮ ተሰናበተ።»

ዘበኛው ይህን ሰምተው ነው የሞቱት። ልጃቸው ያኔ ገና ትምህርት ቤት ነበር። አልጋቸው አጠገብ ጠርተው የነገሩት አንድ ነገር ነው። «በሩን ዘግቼ ነው የወጣሁት። ስሄድ ቆሞ ነበር።» ከዚህ ሌላ ያወረሱት ነገር የለም።

ሰውየው ይህን ቃል ይዞ አደገ፤ ግንበኝነትም ለመደ። የከተማውን ግማሽ የገነባው እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሐሜቱንም እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ችሎት ኖረ። አንድ እሑድ ግን የእድሩ ሰዎች የዕቃ ቤት ኃላፊ ሊመርጡ ተሰበሰቡ። ድስቱን፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን የሚጠብቅ፣ ቁልፍ የሚይዝ ሰው ነው የሚፈለገው። አንዱ ተነሥቶ የእርሱን ስም ጠራ። ያን ጊዜ የእድሩ ዳኛ አቶ ጥላዬ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ሳል ሳል አሉና፣

«ለዘበኛው ልጅ ቁልፍ? በር የተሸከመ ዘር ለድስት ይሰንፋል?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እርሱም ፈገግ አለ። አያችሁ፣ ሰው ሲቆስል አንዳንዴ ፈገግ ነው የሚለው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ጠጅነሽ ፊቱን አይታ «ደግሞ ምን አሉህ?» አለችው።

«ያው ነው። ዛሬ ግን በቃኝ። አባቴ ቆሞ ነበር ያለው በር መቼ ድረስ እንደቆመ አገኘዋለሁ።»

«ከአርባ ዓመት በኋላ? ማን ሊመሰክርልህ?»

«ሙሽሮቹ» አላት።

በማግሥቱ ጀመረ። ከሥራ መልስ፣ እጁን ታጥቦ፣ ቤት ለቤት ሄደ። «የሰርጋችሁን ፎቶ አሳዩኝ።» ሰው ግራ ተጋባ። አንዱ «ሰርጌ ላይ ሳልጠራህ ቀርቼ ቂም ይዘህ ነው?» አለው። ወይዘሮ አልጣሽ የሚባሉ ጠላ ሻጭ አልበማቸውን ከሣጥን አውጥተው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ገልጠው ሰጡት። እርሱ አጎንብሶ ፎቶውን በአፍንጫው ሊነካው ደርሷል።

«ምን ታያለህ እንዲህ አፍጥጠህ?»

«መቃኑን ነው፣ እትዬ።»

«አይ አንተ! እኔን የመሰለች ሙሽራ ቁጭ ብላልህ መቃን ታያለህ? ያኔ ወገቤን ብታይ ኖሮ…»

«ወገብዎማ ይታያል። ደረጃውን ጋርዶብኛል።»

ሳቁ፤ ፎቶውንም አዋሱት። እንዲህ እያለ ሃያ ሰባት ፎቶ ሰበሰበ። የዱሮው ፎቶ አንሺ ጎበዝ ሰው ነበር፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፎበታል። ግንበኛው ፎቶዎቹን አልጋው ላይ በዓመተ ምሕረት ቅደም ተከተል ደረደራቸው። በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በሩ አለ። በሰባ ሦስት የለም። በመካከሉ ግን ፎቶ የለም። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ሰው ሰርጉን በጓዳ ነበር የሚደግሰው። አባቱ የተሰናበቱበት ደብዳቤ ደግሞ ኅዳር ሰባ አንድ ይላል። ያ ክፍተት ካልተሞላ ሃያ ሰባቱም ምንም አይፈይዱም።

ሰው እንደነገረው፣ በዚያ ክፍተት ውስጥ ጉብታው ላይ ወጥቶ ፎቶ የተነሣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ማን ይመስላችኋል?

አቶ ጥላዬ።

ሦስት ቀን አቅማማ። በአራተኛው ቀን አቶ ጥላዬ ቤት ሄደ። እርሳቸው ገበያ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንቅነሽ አስገቡት። ፎቶው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በመስተዋት ክፈፍ፣ ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል። የእድሩ ሰው ሁሉ ከሥሩ ተቀምጦ በልቶ ጠጥቷል። ከሥሩ ተቀምጦ ዘበኛውን አምቷል። ግንበኛው ቀና አለ። በአቶ ጥላዬ ትከሻና በሙሽራዋ ቬሎ መካከል፣ የዋንዛው በር ከነብረት ጉጡ ቆሟል።

«እትዬ ስንቅነሽ» አለ፤ ጣቱን ወደ ፎቶው ቀስሮ። «ይሄ በር… ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት አይለኝ! ያ ብረት ቬሎዬን ይዞ ጨርር አደረገብኝ እኮ! ከእኅቴ የተዋስኩት ቬሎ። የሰርጌ ዕለት ያለቀስኩት ለእናቴ መስሏቸው ሁሉም አብረውኝ አለቀሱ፤ እኔ ለቬሎው ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልተናገሩም?»

ሴትዮዋ በግርምት አዩት። «ማን ጠየቀኝ?»

ክፈፉን አወረዱለት፤ መስተዋቱን ራሳቸው ፈቱት። ከጀርባው ተጽፏል። ጥር ፲፫ ቀን ሰባ አንድ። ዘበኛው ከተሰናበቱ ከሁለት ወር በኋላ! በሩን ዘግተው ነው የወጡት። ሲሄዱ ቆሞ ነበር።

እዚህ ላይ ላብቃ? ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለን ነበር። የታማው ነጻ ወጣ፤ ያማው ተዋረደ። እኛም ወደ እግዚአብሔር ፊት የምንመጣው ብዙ ጊዜ ይህን ብቻ ፈልገን አይደለም? «ጌታ ሆይ፣ እውነቱን አውጣልኝ!» እንላለን። እውነት ግን አንዴ መውጣት ከጀመረ እኛ በፈለግነው ቦታ ላይ አይቆምም።

ግንበኛው ፎቶውን ይዞ እየበረረ ቤቱ ገባ። በክፍተቱ ውስጥ አስቀመጠው። ጠጅነሽን ጠርቶ አሳያት፤ አለቀሰች። ከዚያም እርሱ ደስ ብሎት የቀሩትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ያይ ጀመር፤ አሁን በእርጋታ፣ እንደ ግንበኛ። በሰባ ሦስት በሩ ባይኖርም ዘጠኙም ደረጃዎች አሉ። በሰባ ዘጠኝ ዘጠኝ። በሰማንያ ስድስት ሰባት። በዘጠና አንድ አራት። የመጨረሻዋ ሙሽራ አፈር ላይ ነው የቆመችው።

የሰማንያ ስድስቱን አነሣ። ደረጃው ውኃ ልኩን ጠብቆ፣ ዝንፍ ሳይል ቆሟል። ከላይ ያሉት ሁለቱ ብቻ ተነቅለዋል። ባዶው መቃን ላይ ደግሞ አንድ ድጅኖ ተደግፏል። ድንጋይ የሚፈነቀልበት ረጅም ብረት፣ አናቱ ላይ ቀለበት የተበየደበት።

ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠጋው። ቀለበቱን ያስበየደው ራሱ ነው፣ በገመድ ለማንጠልጠል እንዲመቸው። ያ ድጅኖ ዛሬም ከበሩ ኋላ ቆሟል።

ድንጋዩን መውሰዱን ረስቶ አልነበረም። ሁሌም የሚለው ግን «ከፍርስራሹ ለቀምኩ» ነበር። ሰው ቤት ሊሠራ ሲመጣ «ከፎቁ አምጣና ሥራልኝ» ይለዋል፤ እርሱም ይሄዳል። ወዳቂ ነው የማነሣው፣ የማንም አይደለም፣ እያለ ሠላሳ ዓመት ኖረ። ከልቡ አምኖበት ነበር። ፎቶው ላይ ግን ፍርስራሽ የለም። ቀጥ ያለ ደረጃ አለ፤ አጠገቡም የእርሱ ብረት። አባቱ የጠበቁትን ቤት ድንጋይ በድንጋይ ያወረደው የዘበኛው ልጅ ነው።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ከሃያ ስምንት ፎቶ አንዱን ማውጣት ቀላል ነው። ማን ያውቃል? ድጅኖ እንደሆነ ድጅኖ ነው። እርሱም አሰበው፤ ሰው ነውና አሰበው። ፎቶውን ኪሱ ከተተ። ወጣ። አውጥቶ አየው። መልሶ ከተተ።

እሑድ ሲደርስ እድሩ ተሰበሰበ። ግንበኛው ፎቶዎቹን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ሰው ከቦ ሲያይ የራሱን ሰርግ እያገኘ ይስቃል፤ «ያ ጸጉርህ የት ሄደ?» ይባባላል። ቀስ በቀስ ሳቁ ጠፋ። ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ሲሞት በዓይናቸው አዩት፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ፊት ለፊት ደግሞ እነርሱ ጥርሳቸውን ገልጠው ቆመዋል።

አቶ ጥላዬ የራሳቸው ፎቶ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠርገው መልሰው አደረጉ።

«አባቴ በሩን አልወሰደም» አለ ግንበኛው። «ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ ከእንግዲህም አልፈልግም።» ከዚያ አንዱን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ባዶው ቦታ ላይ አኖረው። ከቤት ይዞት የመጣውን ድጅኖ ደግሞ አጠገቡ አጋደመ። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሁሉም ደነገጠ። «ደረጃውን ግን እኔ ነኝ። ነገ መመለስ እጀምራለሁ።»

ከኋላ አንዱ «ምን ብለህ ነው የምትመልሰው? እኛ ቤት ውስጥ ነው እኮ ያለው!» አለ።

«የእናንተን አልነካም። እኔ ቤት ያለውን ነው።»

በማግሥቱ፣ ገና በጠዋቱ፣ የራሱን ደፍ ነቀለ። ከላይ ካሉት ደረጃዎች አንዱ ነበር፤ ባገባ ዓመት የተከለው። ልጆቹ የወጡበት፣ የገቡበት። ጠጅነሽ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ታዲያ በምን ልንገባ ነው?»

«ዘለን።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«እጄን እሰጥሻለሁ።»

ድንጋዩን በአህያ ጋሪ እስከ ጉብታው ሥር፣ ከዚያ በድጅኖ እያንከባለለ ወደ ላይ አወጣው። ያው ድጅኖ ነው። ያፈረሰው ብረት መልሶ ተሸከመ። ሰው ከታች ሆኖ ያያል። «አንድ ድንጋይ ቤት ይሆናል?» ይላል። እርሱ ቱምቢውን ጥሎ፣ መሠረቱን አጽድቶ፣ አኖረው። በነጋታው የምድጃውን ዙሪያ አመጣ። ከዚያ የአጥሩን ማዕዘን። ብቻውን ሦስት ሳምንት።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ ጥላዬ በከዘራቸው እየተደገፉ ጉብታውን ወጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ።

«ልጄ» አሉ። ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር። «አባትህ በሩን ሲወስዱ በዓይኔ አየሁ እል ነበር። የሰርጌ ዕለት በሩን መች አየሁት? ሙሽራዬን ነበር የማየው። ሰው ሲል ሰማሁ፤ ደጋግሜ አወራሁት፤ መጨረሻ ላይ ያየሁት መሰለኝ።»

«እኔም ወዳቂ የለቀምኩ መስሎኝ ነበር፣ አባባ።»

ሽማግሌው የተኖረውን ድንጋይ በከዘራቸው ነካ አድርገው «የአባትህን ስም እድሩ ፊት እኔው አነሣዋለሁ። ደግሞም የጓሮዬ ልብስ ማጠቢያ ድንጋይ… አንተው ነህ የተከልክልኝ። ሰው ላክና ይነቀል» አሉ።

ዛሬ እዚያ ጉብታ ላይ ቤት የለም። በሩም አልተገኘም። ሦስት ደረጃ ግን አለ። ባለፈው ጥር የተጋቡ ሙሽሮች ሦስተኛው ላይ ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል። ከመነሣታቸው በፊት ሁለቱም ዞር ብለው ከጀርባቸው ያለውን አዩ አሉ።

ምእመናን፣ ይህ የሌላ ከተማ ታሪክ ነው ብላችሁ አትለፉት። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር አለ፤ ከሥሩ ተቀምጠን ሰው የምናማበት። በዓይኔ አየሁ የምትሉት ነገር፣ በእርግጥ በዓይናችሁ ነው ያያችሁት? ወዳቂ ነው ያላችሁት ነገር፣ ስታነሡት ወድቆ ነበር? የፈረሰ ትዳር አለ፤ የፈረሰ ወንድማማችነት አለ፤ በደጃፉ እያለፍን «ማን አፈረሰው?» እንላለን። በሩን የወሰደውን ሌባ ስንፈልግ ዕድሜያችን አለቀ። ያ ሌባ ላይገኝ ይችላል። ድጅኖው ግን ከበራችሁ ኋላ ቆሟል። ቀለበቱን ታውቁታላችሁ።

ንስሐ የሚጀምረው ሌላው ሰው ሲጀምር አይደለም። ጎረቤትህ ድንጋዩን እስኪያወጣ አትጠብቅ። ሰው ከታች ሆኖ ይሳቅ። አንተ አንዱን አኑር፤ ነገም አንዱን።

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ፣ እግራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት፣ ደፋችሁን ተመልከቱ። ከየት ነው የመጣው? የእናንተ ካልሆነ ንቀሉት። ጥቂት ቀን ዘላችሁ ግቡ፤ ጉልበት ያነሰውንም እጁን ያዙት። ዘለው ለሚገቡት ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣቸው።