በወደቡ አፍ መረቡን የፈታች እመቤት

የብርሃን እናት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በባሕር ለሚተዳደሩ ሰዎች ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለን፤ ልመናዋ ይጠብቀን፥ አሜን።

በቀይ ባሕር ዳር፣ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት የሚያጠምዱ መርከቦች በሚያርፉባት አንዲት ወደብ፣ ክፍለ ማርያም የሚባል የመርከብ ሞተር የሚይዝ ሞተሪስት ነበረ። ይህም ሰው እመቤታችንን እጅግ ይወዳት ነበርና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳያደርስ ሞተር አይነካም ነበር፤ ባልንጀሮቹም ቸኩለው ሲጠሩት "እናቴን ሳልሰናበት አልነሣም" ይላቸው ነበር።

ከዕለታት በአንድ ቀን መርከባቸው ዐሥር ቀን ሲያጠምድ ሰንብቶ፣ ጭነቱን ከወደቡ የበረዶ ቤት ሊያራግፍ በቀትር ሲመለስ፣ ጽኑ ነፋስ ተነሣና ባሕሩ ታወከ፤ ከወደቡም አፍ ሲደርሱ አንድ መረብ ከመርከቡ ላይ ወደቀና ከሥር ውኃውን በሚቀዝፈው መዘውር ላይ ተጠመጠመ፤ ሞተሩም ቀጥ አለ። ከዚያም ማዕበሉ መርከቡን፣ ባሕሩን ሊያግድ በወደቡ አፍ ወደ ተሠራው የድንጋይ ግድብ ይገፋው ጀመር፤ መልሕቅ ቢጥሉ አልያዘም፤ ጎታች ጀልባም ከወደቡ ሊደርስላቸው ቢወጣ ማዕበሉ መለሰው። በመርከቡም ላይ ሰባት ነፍስ ነበረ።

ክፍለ ማርያምም ገመድ በወገቡ አሰረና ቢላዋ ያዘ። የዚያች ወደብ ተወላጅ የሆነው ሙስሊሙ ካፒቴን ሳልሕ ግን ክንዱን ይዞ "ክፍሌ፣ መርከቡ እየዘለለ ነው፤ ከሥሩ ከገባህ ይጨፈልቅሃል" አለው።

እርሱም "ካፒቴን፣ ሁላችንም ከምንጠፋ እኔ ልሞክር፤ ገመዱን ብቻ አትልቀቁ" አለውና ወረደ።

አንድ ጊዜ ጠልቆ ጥቂት ቆረጠና ወጣ፤ ዳግመኛም ሲጠልቅ መርከቡ ትከሻውን መታውና ደም ፈሰሰው። ካፒቴኑ "ይበቃል፣ ውጣ" ቢለው "ገና አልጨረስሁም" ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ጠለቀ። በዚያን ጊዜ መረቡ እግሩን ያዘው፤ ቢላዋውም ከእጁ አምልጦ ሰመጠ፤ ትንፋሹም አለቀ። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ መረቡን በጣቶቹ እየበጠሰ "እመቤቴ ሆይ፣ ከላይ ያሉት ስድስቱ ልጆች አሏቸውና ድረሽላቸው" እያለ በልቡ ይለምን ነበር።

ወዲያውም የደፈረሰው ውኃ በራና ነጭ የለበሰች ሴት አጠገቡ አየ፤ እርሷም የተወሳሰበ ፈትል እንደምትፈታ እናት መረቡን በእርጋታ ከመዘውሩም ከእግሩም ፈታችው፤ "ስለ ስድስቱ የለመንኸኝን ሰምቻለሁ፤ አንተ ግን ሰባተኛቸው ነህ" አለችውና ክንዱን ይዛ ወደ ላይ አነሣችው።

ባልንጀሮቹም ጎትተው አወጡት፤ እርሱም ደሙ ሳይቆም ወደ ሞተሩ ወርዶ አስነሣው። ግድቡን ሊመታ አንድ ክንድ ያህል የቀረው መርከብ ዞረና ወደ ወደቡ ገባ፤ በማራገፊያው ላይ ሽሪምፕ የሚለቅሙ ሴቶችም እልል አሉ።

ከዚያም ካፒቴን ሳልሕ "ክፍሌ፣ ስንጎትትህ ክንድህን የያዘ የሴት እጅ አየሁ፤ ወዴት ሄደች?" ብሎ ጠየቀው። ክፍለ ማርያምም የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ካፒቴኑም "መርየም ናት" ብሎ አለቀሰ። በማግስቱም ሰባቱ አብረው በባሕሩ ዳር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ካፒቴኑም ጫማውን አውልቆ ቅዳሴው እስኪያልቅ በደጁ ቆሞ ምስጋናዋን ሰማ።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ እመቤታችን ከኃጢአት ወጥመድ ትፍታችሁ፤ በባሕርም በየብስም ያላችሁትን ከቤታችሁ በሰላም ታግባችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።