ሙቀጫ መድፊያ

«ሙቀጫ ድፉ!»

ሽምብሪት ወንዝ በሐምሌ የመጀመሪያውን ቀይ ጎርፍ ሲያወርድ፣ መሻገሪያው ላይ ቆማ እንዲህ የምትጣራው ከመንደሩ ሴቶች ሁሉ ይበልጥ የዓሣ ሆድ የከፈተች አሮጊት ናት፤ ጥሪዋ በደረሰበት ቤት ሁሉ ሙቀጫ ካለበት ተነሥቶ በአፉ ይደፋል፣ ዘነዘናውም በላዩ ይጋደማል፣ እስከ መስቀል ድረስም አይቃናም። በርበሬውም ቅመሙም አስቀድሞ በሰኔ ተወቅጦ ያልቃል፤ የረሳች ብትኖር በድንጋይ ትደቁሳለች እንጂ ሙቀጫ አታነሣም። ከሌላ አገር ተድራ የመጣች ሙሽራ «ሙቀጫ ደግሞ ምን አደረጋችሁ?» ብላ ስትጠይቅ፣ አማቷ ወደ መሻገሪያው ይዛት ወርዳ ከውሃው ዳር የተደፋ ሙቀጫ የመሰለውን ጥቁር ድንጋይ ታሳያታለች። ቦታው ሙቀጫ መድፊያ የተባለው በእሱ ነው። ድንጋዩ ጥንት እንጨት ነበር ይባላል። እንጨት እንዴት ድንጋይ ይሆናል ላለ ሰው ሽማግሌዎቹ የተነገራቸውን ብቻ ይናገራሉ።

እንደሚነገረው፣ በቀድሞ ዘመን የሽምብሪት የወንዝ አባት ውባንተ የሚባል ቃል የማይበዛው ሰው ነበር። የወንዝ አባት ማለት ብርብራ የሚወቀጥበትን ቀን የሚቆርጥ ነው፤ የብርብራ ፍሬ ደርቆና ተወቅጦ ዱቄቱ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያሰክረዋል፣ የሰከረው ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፣ ሰውም በእንቅብ ይለቅመዋል። የውባንተ አያትም አባትም ይህን ያዝዙ የነበረው በበጋ፣ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን፣ ያውም በአንድ ኩሬ ላይ ብቻ ነው። ለምን በበጋ ብቻ እንደሆነ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። ለዚህ ሹመቱ በእጁ የአባቱ ዘንግ፣ ከወንዙ ዳር ደግሞ ዘር የማያሳፍር ጥቁር መሬት ነበረው።

አንድ ዓመት አንበጣ ወርዶ አዝመራውን ጨረሰው። ነሐሴ ሲገባ ጎተራ ሁሉ ተጠርጎ ሰው የዱር ጎመን እየቀቀለ ይውል ጀመር። በዚያ ሰሞን ውባንተ ከመሻገሪያው አጠገብ ወደ ሽምብሪት የምትገባውን ትንሿን ጅረት ይዞ ሽቅብ ሲሄድ፣ ከሐይቁ የወጣ ነጭ ዓሣ በጠጠሩ ላይ ጎን ለጎን ተጣብቦ፣ ጀርባው ከውሃው በላይ እየታየ ሲርመሰመስ አገኘ። ትልቁ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ብርብራውን ይዞት ይሄዳል፤ ጅረቷ ግን ጠባብ ናት፣ ውሃዋም ጥርት ያለ። ፈጣሪ አየን አለ። ታችዋን በድንጋይ አስዘጋ፤ አርባ ቤት አርባ ሙቀጫ አወጣ፤ ሲወቀጥ የዋለው ብርብራ ከላይ ተበተነ፣ ውሃውም ነጭ ሆነ፣ በዓሣ።

ተበላ፣ ተረፈ፣ የተረፈውም በጭስ ደረቀ። የውባንተ ሚስት እናኑ ዓሣ ስትከፍት ውላ ቢላዋዋ ዶለዶመ፣ በድንጋይ ስላ ቀጠለች። በዚያ ክረምት ከሽምብሪት በረሃብ የሞተ ሰው የለም፤ «ዕድሜ ለውባንተ!» ያላለ አፍም አልነበረም።

ያማረ ነገር ይደገማል። በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ እንዲሁ አዘዘ፤ ዓሣው በግማሽ ቀነሰ። ውባንተ ብርብራው አንሶ ነው ብሎ በሦስተኛው ዓመት ከየቤቱ እጥፍ አስወቀጠ፤ የተለቀመው ሦስት እንቅብ ሆነ። በአራተኛው ዓመት ጅረቷ ጠጠሯን እያሳየች ባዶዋን ፈሰሰች።

ባዶ የሆነችውም ከዓሣ ብቻ አይደለም። ከመሻገሪያው ዋርካ ላይ ጎጆ የነበረው ራሰ ነጭ ዓሣ በል ንሥር አንድ ጥዋት ተነሥቶ ሄደ፣ አልተመለሰም። በየኩሬው ቀድሞ ያልነበረ ቀጭን ትል መሳይ ነገር ይጠማዘዝ ጀመር፤ ማታ ማታ ትንኙ እንደ ጭስ ይነሣል፤ በመስከረም ንዳድ ገባና በየቤቱ ሰው አልጋ ያዘ። ውባንተ ይህን ሁሉ በየፊናው ያያል፤ ወፉን ለብቻ፣ ትንኙን ለብቻ፣ ዓሣውን ለብቻ። አንዱ ከአንዱ የሚገጥምበት አጣ። በሰንበት አላስወቀጠ፣ የአባቱን ዘንግ አልጣለ፣ ምን አጠፋ? ከሩቅ ያስመጣው ደብተራ ውሃው ጥቁር ፍየል ይፈልጋል አለው። ጥቁር ፍየል አረደ። ፍየሉ ተበላ፤ ዓሣው አልመጣም።

መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የአጎቱ ልጅ ላቀው፣ ያን ጥቁር መሬት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ዓይኑ የማይጠግብ ሰው፣ ተነሣ።

«ዓሣው በአባትህ ጊዜ ይመጣ ነበር፤ አንተ ምን አደረግኸው?»

«አላውቅም» አለ ውባንተ።

«የማያውቅ የወንዝ አባት! እንግዲያ ዘንጉን ለምን ትይዘዋለህ፣ ለውሻ ነው?»

ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም፤ እስከሚመጣው መስቀል ዓሣውን ይመልስ፣ አለዚያ ዘንጉንም መሬቱንም ለላቀው ይልቀቅ ብለው ፈረዱ።

ለውባንተ የቀረው ጥርጣሬ አንድ ነበር፤ የሐይቁ ሰዎች በሩን ዘግተውብን ይሆናል የሚል። አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ ሐይቁ ዳር ደረሰ፤ አያ ጎንጤ የሚባሉ ሽማግሌ ከደንገል ታንኳ ሲያስሩ አገኛቸው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «እኔ የሽምብሪት የወንዝ አባት ነኝ፤ ዓሣችንን ለምን አስቀራችሁ?» አላቸው።

ሽማግሌው ያስሩት የነበረውን ገመድ ለቀቁት።

«ምነው ሰውዬ! እኛ እኮ አንተን ልንከስ ስንቅ እየቋጠርን ነበር። እናንተ ናችሁ ያስቀራችሁት!»

«እኛማ የምንጠብቀው ከናንተ የሚወጣውን ነው።»

«እኛም የምንጠብቀው ከናንተ የሚወርደውን ነዋ! በኅዳር ከሽምብሪት አፍ ጣት የምታክል ዓሣ እንደ አሸዋ ትወርድ ነበር፤ ሐይቁ ያሳድጋታል፣ እኛ እንበላለን። አራት ዓመት ሆነ፣ አንዲት አልወረደችም። የት አደረሳችኋት?»

ውባንተ ዘንጉን አንሥቶ ዞረ። ሊከስ መጥቶ ተከሶ ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ያስባል፤ ትልልቁ ከሐይቅ ይወጣል፣ ትንንሹ ከወንዝ ይወርዳል፤ ትልቁ ምን ሊያደርግ ይወጣል? ትንሹስ ከየት ተነሥቶ ይወርዳል? ወንዝ ደግሞ አይወልድ። ራሱን እስኪያመው አሰበ ይባላል፣ ቤቱ ሲደርስም እንደ ዞረበት ነበር።

እናኑ በርበሬ ስትወቅጥ አገኛት። አጠገቧ ተቀመጠ።

«እናኑ፣ ያን ጊዜ ዓሣውን ስትከፍቺ ሆዱ ውስጥ ምን ነበር?»

«ምን ይኖራል? እንቁላል ነዋ።»

«የስንቱ?»

«የሁሉም። እጄ እስከ ክንዴ ድረስ እንቁላል ሆኖ ነበር የሚውለው።»

«በበጋ የምንይዘውስ?»

«የበጋውማ ሆዱ ባዶ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

እናኑ ዘነዘናውን አቆመችው። «መቼ ጠየቅኸኝ? ይልቅስ እንቁላሉን በበርበሬ ለይተሽ አምጪልኝ ስትል የነበርኸው አንተ አይደለህ? እኔም የወቅቱ ስብ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ አቀረብሁ።» ቀጥላም ራሷ በተናገረችው እንደ መደንገጥ አለች። «ወይ አንተ ሰው! የታቀፈችውን ዶሮ አርደን በልተን፣ ጫጩቱን ማን ወሰደብን እያልን ነው እኮ!»

በማግሥቱ ውባንተ ዋርካው ሥር ቆሞ ያወቀውን ተናገረ፤ መናገር ስለማያውቅበት ግን ቅደም ተከተሉ ጠፋበት፣ ጫጩቱን ከፊት አድርጎ ዓሣውን ከኋላ አመጣው። ሰዉ ዶሮ የጠፋበት መሰለው። በመጨረሻ ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«መሬቱን ውሰዱ። አንድ ነገር ብቻ ማሉልኝ፤ ከቀዩ ጎርፍ እስከ መስቀል ብርብራ አይወቀጥ፣ ሙቀጫ ሁሉ ይደፋ።»

«ያን ብናደርግ ዓሣው ይመጣል?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«አላውቅም።»

ላቀው ከሁሉ አስቀድሞ እጁን አነሣ። «ለሌለ ዓሣ የማይምል ማነው? ኧረ እኔ ሁለቴ እምላለሁ!» ብሎ ማለ፤ ሰዉም እየሳቀ ተራ በተራ ማለ። እየተሳቀ የተማለ መሐላ ይያዝ አይያዝ ያን ቀን ያሰበ አልነበረም።

መስቀል መጣ፤ ዓሣ አልመጣም። ውባንተ ጥቁሩን መሬት ለቆ ወደ እናኑ ዘመዶች ድንጋያማ ቁልቁለት ወጣ። በየዓመቱ ግን ሐምሌ ሲገባ የአባቱን ሙቀጫ ተሸክሞ ይወርድና መሻገሪያው ላይ ይደፋዋል፣ በመስቀል መጥቶ ያነሣዋል። «ሙቀጫ ደፊው መጣ!» ይሉታል። «አያ ውባንተ፣ ዘንድሮ ሙቀጫህ ስንት ጫጩት ፈለፈለ?» ይሉታል። ልክ ይሁን ስሕተት እሱም አያውቅም፤ እያደር ዓይኑ ደፈረሰ፣ ጠርዙን በእጁ እየዳሰሰ መድፋቱን ግን አልተወም። ይህ ሰባት ዓመት ሆነ የሚሉ አሉ፣ ዘጠኝ የሚሉም አሉ።

በአንዱ ነሐሴ እናኑ ቅጠል ልትለቅም ወደ ጅረቷ ወረደች፣ ቅጠሉን ሳትይዝ እየሮጠች ተመለሰች። ባሏን እጁን ይዛ ምንም ሳትነግረው ቁልቁል ወሰደችው፤ «ኧረ ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ?» ይላታል፤ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ አስገብታ አቆመችው። አንድ ነገር ቅልጥሙን መታው። ጥቂት ቆይቶ ሌላ መታው። ከዚያ ግራና ቀኝ ይገፋፉት ጀመር።

«እናኑ፣ ጎርፉ እንጨት ያወርዳል እንዴ?»

«እንጨት ሽቅብ ይሄዳል?» አለችው።

ይህን ስትል ከዳርቻው ድምፅ ሰማች። ወሬው ቀድሟት መንደር ደርሶ ነበር፤ ላቀው ሙቀጫውን በትከሻው ተሸክሞ ከፊት፣ ሰዉ ብርብራና እንቅብ ይዞ ከኋላ ቆሟል። ዓሣው ጀርባውን ከውሃው በላይ እያሳየ እንደ ጥንቱ ይርመሰመሳል፤ ላቀውም ዓይኑን ከዚያ ሳይነቅል «እናንተ፣ ድንጋይ አምጡ፣ ታችዋን ዝጉ!» ይላል።

እናኑ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራ የማታውቅ ሴት ነበረች ይባላል። በዚያች ሰዓት የጮኸችው ግን ከወንዙ ማዶ ተሰማ።

«ሙቀጫ ድፉ! ምላችኋል! ላቀው፣ አንተማ ሁለቴ ነው የማልኸው!»

ሰዉ ቆመ። አንዱ ከኋላ ሳቁን ሊይዘው ሞክሮ አመለጠው፤ ሌላው ተከተለው፤ ያ ከዓመታት በፊት ዋርካው ሥር የተሳቀ ሳቅ ዞሮ መጥቶ ላቀው ላይ አረፈ። ላቀው ዓሣውን አየ፣ ሰዉን አየ። ሙቀጫውን ከትከሻው አውርዶ መሻገሪያው ዳር በአፉ ደፋውና ሄደ። ያ ሙቀጫ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም፤ ድንጋዩም እሱ ነው ይላሉ።

በኅዳር ጣት የምታክለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ወረደች ይባላል፤ ንሥሩም ከጊዜ በኋላ ወደ ዋርካው ተመለሰ፣ ወይም ልጁ ይሆናል። ውባንተ ግን ኅዳርን አላየም፤ በዚያው ሰሞን ንዳድ ወሰደው። ዛሬም በነሐሴ በሙቀጫ መድፊያ ጅረቷን የሚሻገር ሰው ቅልጥሙን አንድ ነገር ሲነካው ባለበት ይቆማል፣ ሸክም የያዘም ቢሆን፣ የቸኮለም ቢሆን፤ አጠገቡ ያለውም አንድ ቃል ይለዋል፣ እናኑ ያን ዕለት ሰዉ ተበትኖ ሲያልቅ፣ ዓይኑ በማያይለት ውሃ መካከል ግራ እንደ ገባው ለቆመው ባሏ በጆሮው ያለችውን፦

«እርጉዞች ናቸው፤ መንገድ ልቀቅላቸው።»